ልምምድ ቤት ውስጥ ያልተባለው

እንደምን አመሻችሁ?

ኧረ እንደገና! ይህ ሁሉ ሙዚቀኛ የተሰበሰበበት አዳራሽ ነው እኮ። እንደምን አመሻችሁ?

ፈጣሪ ይመስገን። አሁን ሰማኋችሁ።

በመጀመሪያ ይህን ምሽት ያዘጋጃችሁትን ልጆች አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እናንተንም አመሰግናለሁ። ድራም ከሚማር ልጅ ጋር በአንድ ግቢ መኖር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኛንም የቻሉን አንዲት እናት ነበሩ። ወደ እሳቸው እመጣለሁ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ስሜን በካሴት ሽፋን ላይ አታገኙትም። ግን ከ1986 እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ደሴ ከተማ ውስጥ በአንድ አማተር ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫውቻለሁ። የጋበዙኝ ልጆች «ጋሼ፣ ስለዚያ ጊዜ ይንገሩን» አሉኝ። «ደስ የሚለውን ነው የሚያሳፍረውን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያዩና «የሚያሳፍረውን» አሉ። ጎበዞች ናቸው። ደስ የሚለውንማ ማንም ይነግራችኋል።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ልምምድ ቤት። ሁለተኛ መድረክ። ሦስተኛ ገንዘብ። በሦስቱም ውስጥ አንድ ቃል እየተመላለሰ ትሰሙታላችሁ። ቃሉ ይሉኝታ ነው። የእኛን ባንድ የገደለው የችሎታ ማነስ አይደለም። የመሳሪያ እጦትም አይደለም። ይሉኝታ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት አስቤበት ነው የምላችሁ።

እሺ። ከልምምድ ቤት ልጀምር።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት የሚባል ነገር ነበር። ወላጆቻችሁ ያስታውሱታል። ብዙ ዘፋኝ፣ ብዙ ተወዛዋዥ የወጣው ከዚያ ነው። ዘመኑ ሲያልፍ ቡድኖቹ ተበተኑ። መሳሪያው መጋዘን ውስጥ አቧራ ለበሰ። እኔ የተማርኩባት ቤዝ ጊታር ከእንዲህ ዓይነት መጋዘን የወጣች ናት። አራቱም ክሮች ዝገዋል። ደሴ ላይ ደግሞ የቤዝ ክር አይሸጥም ነበር። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ምን አደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? ክሮቹን አወልቅና በድስት እቀቅላቸዋለሁ። እውነቴን ነው፣ ይሠራል። ቅባቱና ቆሻሻው ይለቃል። ሲደርቅ ድምፁ ለጥቂት ቀን ይነቃል። ድስቱ የድራመራችን እናት ድስት ነበር። አንድ ቀን እንኳን «ልጄ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አላሉኝም። እሳቱን ነበር የሚያስተካክሉልኝ።

ልምምድ ቤታችንም እሳቸው ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ላይ ማዳበሪያና አሮጌ ብርድ ልብስ ሰቅለናል፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ። ደሴን የምታውቁ ክረምቷን ታውቃላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከደጃፍ ላይ ይተኛል። ጣት ይደነዝዛል። እሳቸው ጀበናቸውን ጥደው «ኑ፣ እጃችሁን አሙቁ» ይሉናል። ስኒውን በሁለት እጅ አቅፈን ይዘን ትንሽ እንቆይና ወደ ክፍሏ እንመለሳለን።

ኖታ የሚያነብ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። አስተማሪያችን ካሴት ነው። እኔ የማሳድደው የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ነበር። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ቤዚስት። ዘፈኑን ሰው ሁሉ ለዘፋኙ ብሎ ይሰማል፣ እኔ ከሥር ያለውን እሱን እሰማለሁ። አንዲት ሐረግ ለመያዝ ካሴቱን አውጥቼ በቢክ እስክሪብቶ አሽከረክራለሁ፤ በቴፑ ከመለስኩት ባትሪ ይበላላ! መልሼ እከታለሁ። እሰማለሁ። አሁንም አወጣለሁ። አንዷን ሐረግ ለመያዝ አንድ ሙሉ ከሰዓት ይሄዳል። እናንተ ዛሬ በስልካችሁ አዘግይታችሁ ትሰማላችሁ። ታድላችኋል። የምሬን ነው፣ ታድላችኋል።

ኦርጋን አልነበረንም። ከዚያ የዘፋኛችን ወንድም ከጅዳ ያማሃ ኦርጋን ላከ። ያን ቀን ልባችን ቅቤ ጠጣ! ካርቶኑን ሳይቀር ለወራት አልጣልነውም። ድራመሩ ያማሃ የሚለውን ጽሑፍ ቆርጦ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ግን ከኦርጋኑ ጋር ሌላ ነገርም አብሮ ገባ። ዘፋኛችን የኦርጋኑ ባለቤት ሆነ። እሱ ምንም አላለም። አልተኮፈሰም። እንደ ድሮው ልጅ ነው። እኛ ነን የተለወጥነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን ማረም ከበደን።

አንድ ቅዳሜ ልምምዳችንን በናሽናል ቴፕ ቀዳነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ራሳችንን ከውጭ ሆነን ሰምተን አናውቅም ነበር። አስቡት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጫወት አንድም ቀን አልሰማነውም። ቴፑን ጀበናው አጠገብ አስቀምጠን ዙሪያውን ተቀመጥን። አስጀመርነው።

የሚገርም ዝምታ ነበር። የእኔ ቤዝ ከድራሙ ቀድሞ ይሮጣል። ሊድ ጊታሩ ያለ ቦታው ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን የዘፋኙ ድምፅ፣ እያንዳንዱ ስንኝ ማለቂያ ላይ፣ ይወርዳል። አንዴ አይደለም። ሁልጊዜ። ከፍ ወዳለው ቦታ ይወጣል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ እንደ ደከመ ሰው ዝቅ ይላል።

ዘፈኑ አለቀ። ማንም አይናገርም። ከዚያ አንዳችን፣ ማን እንደሆነ አሁን አላስታውስም፣ «ባትሪው ደክሟል መሰለኝ» አለ። ሁላችንም ተቀበልን። «አዎ፣ ባትሪው ነው።» ዘፋኙም «አዎ፣ ባትሪው ነው» አለ።

እኔ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ሒሳብ የምወድ ልጅ። ባትሪ ሲደክም ቴፑ ይዘገያል። ሲዘገይ የሁላችንም ድምፅ አብሮ ይወርዳል። ጊታሩም፣ ኦርጋኑም፣ ዘፋኙም። የወረደው ግን የእሱ ብቻ ነው። ይህንን በዚያች ደቂቃ አውቄዋለሁ። አውቄ ዝም አልኩ። ከዘፋኙ በቀር አራታችንም አውቀን ዝም አልን።

ለምን?

የአርባ ልጆችን ታሪክ ትሰማላችሁ አይደል? በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ላይ ወላጆቻቸውን ያጡ የአርመን ልጆች ሲጫወቱ ሰምተው 40ውን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ የደረሱት። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛው፣ የፖሊስ ሠራዊቱ፣ የጦር ሠራዊቱ ባንድ ገነነ። ይህን የማነሳው ታሪክ ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። በእነዚያ ባንዶች ሁሉ ፊት ለፊት የሚቆም አንድ ሰው አለ። የሰውየው ሥራ መስማት ነው። «አንተ፣ ሁለተኛው ትራምፔት፣ ወርደሃል» ይላል። የተባለውም ሰው አስተካክሎ ይቀጥላል። አይቀየምም። ደንብ ነዋ! ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል። አማተር ባንድ ውስጥ ግን ይህን ማን ይላል? ጓደኛ ለጓደኛ ነው የሚለው። አብሮ ያደገ፣ አብሮ የበላ። ኦርጋን ያመጣ ልጅ ደግሞ አለ። እንዴት ብለህ «ወርደሃል» ትለዋለህ?

እንግዲህ እኛም አላልነውም። ወደ መድረክ ልውሰዳችሁ።

ስለ ባቲ ባጭሩ ልንገራችሁ። ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ስንል አንዱ ቅኝት የእሷን ስም ነው የያዘው። እኛ እዚያ ተጋብዘን ሄድንና በኦርጋኑ ውስጥ ባለው የዲስኮ ምት ባቲን ተጫወትን። ፈጣን ነው። ወጣቱ ጨፍሯል። ኩራታችን ሌላ ነበር። ስንጨርስ አንድ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡ። እጃችንን አንድ በአንድ ጨበጡ። «አብሽሩ ልጆቼ፣ ቆንጆ ነው» አሉን። ቀጥለው «ባቲን ደግሞ መቼ ነው የምትጫወቱልን?» አሉ።

ሊያዋርዱን አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁት። የተጫወትነውን አላወቁትም። በገዛ ከተማቸው፣ የገዛ ዜማቸውን አላወቁትም። ክው አልኩ። «አሁን የተጫወትነው እኮ ነው» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። «እሺ አባባ፣ እንጫወታለን» አልን። ያ ዜማ ማልቀሻም ማረፊያም ያለው ነው። እኛ ማረፊያውን ሁሉ በዲስኮ ሞልተነዋል። አምስቱን ድምፆች መያዝ ቅኝቱን መያዝ መስሎን ነበር።

ዋናው ግን የኮምቦልቻው ሠርግ ነው። ይህን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ እያንዳንዷ ነገር ትጠቅማችኋለችና።

1988 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው፣ የሠርግ ወቅት። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ኦርጋኒስታችን ለብቻዬ ጠርቶ «አንድ ዘዴ አግኝቻለሁ» አለኝ። ዘፋኙ የሙሽራዋን መግቢያ ዘፈን የሚዘፍነው በኤፍ ኪይ ነው፤ ኪይ ማለት ዘፈኑ የሚነሳበት የድምፅ ከፍታ ነው። ከፍተኛው ቦታ ላይ አልቆበት ይወርዳል። ታዲያ ኦርጋኑ ላይ ትራንስፖዝ የምትባል ቁልፍ አለች። እሷን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ብንጫናት፣ ኦርጋኒስቱ እጁን በኤፍ እያስቀመጠ ድምፁ ዝቅ ብሎ ኢ ፍላት ይሆናል። እኔና ሊድ ጊታሪስቱ ደግሞ ኢ ፍላትን ራሱን እንይዛለን። ዘፋኙ ምንም ሳያውቅ ሁለት ግማሽ ድምፅ ወርዶለት ይዘፍናል።

ለምን ዝም ብለን አልነገርነውም? «ይህ ዘፈን ለአንተ ከፍ ይላል፣ ዝቅ እናድርገው» ማለት ምን ነበረበት? ሰባት ቃል ነው። ይሉኝታ ያዘን። እናም ከኋላው ተማክረን አደረግነው። በልምምድ ላይ ሠራ! ድምፁ አልወረደም። ልጁ ደስ ብሎት «ሰሞኑን ድምፄ ተከፍቷል አይደል?» አለን። «አዎ፣ ተከፍቷል» አልነው። ያን ቀን እሱን ሳይ ሆዴን ባር ባር አለው። በጓደኛዬ ደስታ ላይ ውሸት ቀላቅዬበታለሁ።

ሠርጉ ቀን ከደሴ ተነስተን ሀረጎን ቁልቁል ወረድን። ኮምቦልቻ ይሞቃል። ደሴ ብርድ ውስጥ የቃኘኸው ጊታር ኮምቦልቻ ሲደርስ ይወርዳል፤ ክሩ በሙቀት ይላላል። ስለዚህ እንደገና ቃኘን። ሞንታርቦውን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ድንኳኑ በር ላይ ተከልን። ማይኩን ፈተሽን። ሁሉ ልክ ነው። እኔና ሊድ ጊታሪስቱ ተያየን፤ ኢ ፍላት። ኦርጋኒስቱ ጣቱን አሳየን፤ ሁለት ወደ ታች። ዝግጁ ነን።

ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ መብራት ድርግም አለ።

የሠርጉ ባለቤቶች ጄኔሬተር ተከራይተው ነበር። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ተዘጋጅተዋል። አንድ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጄኔሬተሩ ተነሳ። አምፖሉ በራ። ኦርጋኑ በራ። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ እልልታው ቀለጠ። «ጀምሩ! ጀምሩ!» ይሉናል ሚዜዎቹ። ጀመርን።

ምን እንደሆነ ገባችሁ? ኦርጋን ሲጠፋና ሲበራ ትራንስፖዙ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ኦርጋኒስቱ እጁን ኤፍ ላይ አሳርፏል፣ ድምፁም ኤፍ ነው። እኔና ሊድ ጊታሩ ኢ ፍላት ነን። ዘፋኙ ኦርጋኑን ተከትሎ በኤፍ ገባ። ሁለት ባንድ በአንድ ጊዜ የተለያየ ዘፈን የሚጫወት ይመስል ነበር።

እኔ ቤዜ የወረደ መሰለኝ። በቀኝ እጄ እየተጫወትኩ በግራ መቃኛውን ማጠንከር ጀመርኩ። ባሰው። ሊድ ጊታሪስቱም እንደኔ እያጠነከረ ነው። ላብ አጠመቀኝ። ቀና ስል ሙሽራዋ ከፊቴ ናት። ነጭ ጓንት ያደረገ እጇ የሙሽራውን ክንድ ይዟል። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ አልጠፋም፣ ግን ጣቶቿ ክንዱን ጠበቅ አድርገው ሲይዙት አየሁ። ጓንቱ ሲጨማደድ ይታየኛል። እስከ ዛሬ የማልረሳው ያንን ጓንት ነው። ለዚህች ቀን ስንት ጊዜ ያለመች ልጅ ናት! እኛ ደግሞ መግቢያዋን አበላሸንባት።

ዘፋኙ ከፍተኛው ቦታ ላይ ደረሰ። ወረደ። ማይኩን አውርዶ ዞሮ አየን። ያኔ ሁላችንም አቆምን።

ዝምታው ስንት ሰከንድ እንደቆየ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ከድንኳኑ ጥግ አንዲት ነጠላቸውን ያሸረጡ እናት ከበሮውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። መቱት። በራሳቸው ድምፅ ለሙሽራዋ ማዜም ጀመሩ። ሴቶቹ ተቀበሉ። እጁ ያጨበጭባል፣ እልልታው ተመለሰ። ሙሽራዋ በዚያ ከበሮ ገባች፣ እስከ መቀመጫዋ ድረስ። መብራት አላስፈለጋቸውም። ጄኔሬተር አላስፈለጋቸውም። አንዳቸው ከፍ ሲያደርጉ ሌሎቹ ከፍ ይላሉ፣ ዝቅ ሲያደርጉ ዝቅ ይላሉ። እየተሰማሙ ነበር። ቆሜ አየኋቸው፣ ቤዜ አንገቴ ላይ ተንጠልጥላ።

ማታ ዕቃ ስንጭን ዘፋኙ «ምን ሆናችሁ ነው?» አለ። እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረብን። ምን አልነው መሰላችሁ? «ጄኔሬተሩ ነው» አልነው። «ቮልቴጁ ትክክል አልነበረም።»

ባትሪው ነው። ጄኔሬተሩ ነው። ሁልጊዜ ሌላ ጥፋተኛ ይገኛል።

ልጆች፣ ለሥራችሁ የሚሆን አንድ ነገር ከዚህ ያዙ። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ኦርጋኑን ሳትፈትሹ አንድም ድምፅ አታውጡ። የየዘፈኑን ኪይ በወረቀት ጽፋችሁ መሬት ላይ ለጥፉ፣ ዘፋኙም ያየዋል። ዘፋኙም ያየዋል! ይህንን ሁለት ጊዜ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ገንዘብ። ሰዓቴን አይቻለሁ፣ አላስረዝምም።

ቀብድ ሳትቀበሉ ዕቃ አትጫኑ። የቀረውንም ሙሽሮቹ ኬክ ሳይቆርሱ ተቀበሉ። በኋላ የሚከፈል ገንዘብ በኋላ አይገኝም። እኛ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ግማሹን ትተናል፣ «እንዴት እንጨቀጭቃቸው፣ ደስታ ላይ ናቸው» እያልን። የትራንስፖርቱ ወጪ ከኪሳችን ነው የወጣው። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ሽልማት ነው። ሽልማትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰው ይነሳል፣ ብር ያወጣል፣ የዘፋኙ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ደስ የሚል ባህል ነው። እኔ እወደዋለሁ። ግን ብሩ የማን ነው? የዘፋኙ ነው? የባንዱ ነው? ይህንን በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። ዘፋኙ ኪሱ ይከተዋል። እኛ ዝም እንላለን። እሱ ዝምታችንን ስምምነት አድርጎ ወሰደው። ምን ያድርግ? የተቃወመ የለማ!

አንድ ምሽት ሽልማቱ በዛ። አሥር ብር፣ ሃምሳ ብር፣ መቶ ብር ሳይቀር። በላብ የተለጠፈው ብር እየረገፈ መድረኩ ላይ ይወድቃል። አንዷ አሥር ብር እየተንሳፈፈች ድራሙ ሥር ገባች፣ ከፔዳሉ ሥር። ዘፈኑ ሲያልቅ ድራመሩ ከወንበሩ ወርዶ ተንበርክኮ አነሳት። ይዟት ቀና ሲል ዘፋኙ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ክፋት የለበትም። የወደቀበትን ዕቃ እንደሚቀበል ሰው ነው የዘረጋው። «አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀበለው።

ድራመሩ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ጉልበቱ ላይ አቧራ ነበር። አላራገፈውም። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያው ተጫወተ። እኔ ከእሱ ጎን ነኝ፤ ቤዝና ድራም ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነው። አየሁት። ማለት የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ሽልማቱ ለሁላችንም ይከፈል።» አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ድራመሩ ልምምድ ቀረ። አንድ ቅዳሜ። ሁለት ቅዳሜ። ልብ በሉ፣ ልምምድ ቤቱ እኮ የእነሱ ግቢ ውስጥ ነው። እቤት ሆኖ ነው የቀረው። እናቱ እንደ ሁልጊዜው ቡና አፈሉልን። «ትንሽ አሞታል» አሉን። ዓይናችንን ግን አላዩንም። በአራተኛው ቅዳሜ መሳሪያችንን ሰብስበን ወጣን። ጠብ አልነበረም። ስድብ አልነበረም። ሰው ባንድ የሚፈርሰው በጠብ ይመስለዋል። የእኛ እንዲህ ነው የፈረሰው፣ ቡና ጠጥተን፣ አመስግነን።

ሦስቱን ጨርሻለሁ። የቀረኝ ስለ ዘፋኛችን ነው።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሄደ። አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ሊሞክሩት ፈቀዱለት። ያንኑ ዘፈን በኤፍ ጀመረ፣ እኛ ጋ እንደለመደው። የመጀመሪያውን ስንኝ እንኳን አላስጨረሱትም። ሰው ሁሉ እየሰማ «ወንድም፣ ድምፅህ ይወርዳል» አሉት። በቃ። ተመለሰ።

ደሴ በገባ በማግሥቱ እኔ ጋ መጣ። ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሻዩን አልነካውም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ድምፄ እንደሚወርድ ታውቁ ነበር?»

ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። የኮምቦልቻው መድረክ ከዚህ ጋር ሲወዳደር ምንም ነው። «እናውቅ ነበር» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ቴፑ። ስለ ባትሪው። ስለ ትራንስፖዙ። «ሰሞኑን ድምፄ ተከፍቷል» ያለን ቀን ምን አድርገን እንደነበር።

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ያቺ ቁልፍ የት ላይ ናት?» አለኝ።

ወደ ቤቱ ሄድን። ኦርጋኑ አልጋው ላይ ጨርቅ ለብሶ ነበር። የራሱ ኦርጋን ነው፣ ስንት ዓመት የያዘው፣ ቁልፏን ግን አያውቃትም። አሳየሁት። አንድ ወደ ታች። ዘፈነ። ወረደ። ሁለት ወደ ታች። ትንሽ ቀረው። ሦስት ወደ ታች፣ ዲ ላይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈነው። ከፍተኛው ቦታ ላይ ደረሰ። ያዘው። ቆየበት። አልወረደም። ሙሉ ነው፣ ክብ ነው፣ የሚያምር ድምፅ ነው። አብሬው ስንት ዓመት ስቆም ያንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ድምፁ ችግር የለበትም። ዘፈኑ ነበር የማይገጥመው። አንድ ቀን፣ አንዳችን፣ አንድ ጊዜ ብንነግረው ኖሮ ያን ያህል ነበር።

እሱም ገባው። እንባው ሲመጣ ዞር አልኩ። ዘፈኑን ግን አላቋረጠም፣ እስከ መጨረሻው ዘፈነው።

በዓመቱ ወደ ወንድሙ ጅዳ ሄደ። ኦርጋኑን ለእኔ ትቶልኛል። ዛሬም እቤቴ አለ። ኃይል በሰጠሁት ቁጥር ትራንስፖዙ ዜሮ ላይ ነው የሚነሳው፣ እኔም መጀመሪያ የማደርገው ሦስት ወደ ታች መጫን ነው።

ከሻይ በኋላ ሦስት ባንዶች እንደምትጫወቱ ነግረውኛል። እኔ እዚህ የፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስትጨርሱ ወደ እኔ ኑ። የሰማሁትን እነግራችኋለሁ፤ የወረደውን ወርዷል፣ ያማረውን አምሯል እላችኋለሁ። መጀመሪያ የሚጫወቱት ልጆች፣ መሳሪያችሁን መቃኘት ትችላላችሁ።

አመሰግናለሁ።